የእንግሊዞች ቅመም የት ነው ያለው? የአንባቢያን የጓዳ ጥያቄዎች

የእንግሊዝ ምግብ ውሃና ጨው ብቻ ነው የሚለው ወሬ በድሬዳዋም በሐረርም የተለመደ ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከዚሁ ወሬ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማንኪያ ስንል ደግሞ ለጥ ብሎ የተሰፈረ ማለታችን ነው፤ የተቆለለ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቀዚራ አካባቢ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ሠሪ ነኝ። ከእንግሊዝ አገር የሚመጡ እንግዶች አሉን። አለቃዬ “እነሱ ቅመም አይችሉም፤ በርበሬም፣ ዝንጅብልም፣ ኮረሪማም እንዳታስገቢ” ይለኛል። እንዳለኝ ሳደርግ ግማሹን ትተውት ይነሣሉ። ምን ባደርግ ይሻላል? (ወጥ ሠሪዋ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሳህኑ ሳያልቅ የሚመለሰው ቅመሙ ስለጠፋ ይመስለናል። አለቃዎ ማቃጠልንና ቅመምን አንድ አድርገው ነው ያዩት። አልጫ ወጥ በርበሬ የለውም፤ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ግን አለው። አልጫን ቅመም አልባ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። እንግሊዞች አገራቸው የሚበሉት ምግብም አብዛኛው ወደ አልጫው ወገን ያደላል።

ዋናው ልዩነት ቅመሙ የሚገባበት ቦታ ነው። እኛ ቅመሙን ድስት ውስጥ እንጨርሰዋለን፤ ቁሌቱ ላይ ይገባል፣ ሲወርድ መከለሻ ይነሰነስበታል፣ በላተኛው የሚጨምረው ነገር የለም። እንግሊዝ ቤት ሥጋው በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ ተጠብሶ ይቀርብና ኃይለኛው ነገር በትንሽ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀዋል። ለበሬ ሥጋ ሰናፍጭ ወይም ሆርስራዲሽ የሚባል አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሥር፣ ለበግ የናና ስጎ፣ ለተጠበሰ ዓሣና ድንች ኮምጣጤ። ለዶሮ ደግሞ ቅርንፉድ የተሰካበት ሽንኩርት የተቀቀለበት ወተት በዳቦ ፍርፋሪ ወፍሮ ይቀርባል። ከ1837 ጀምሮ የሚሸጠው የዉስተርሻየር ስጎ እንኳ ኮምጣጤ፣ ሞላሰስ፣ በጨው የቆየ ትንሽ ዓሣ፣ ነጭ ሽንኩርትና እዚህ ድሬዳዋ ሁመር የምንለው ፍሬ አለበት። ይህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያላየ ሰው ሥጋውን ብቻ ቀምሶ “ጣዕም የለውም” ቢል አይገርምም።

ስለዚህ ቅመሙን ወደ ድስቱ ይመልሱት፤ የሚያቃጥለውን ብቻ ያውጡት። ለ1 ኪሎ ሥጋ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት በደንብ ያብስሉ፤ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ተቀጥቅጦ 1 የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያስገቡ። ሊወርድ ሲል ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ይጨምሩ። ኮረሪማውን ቀፊራ ሲገዙ ከነቆዳው ይግዙና በዕለቱ ይፍለቅቁት። በድሬዳዋ ሙቀት ተፈጭቶ የከረመ ኮረሪማ መዓዛው ቶሎ ይሄዳል፤ የሚቀረው ምሬቱ ነው። አዋዜውንና ሚጥሚጣውን በየትንሽ ሳህኑ ከማንኪያ ጋር ጎን ያቅርቡ፤ የቱ እንደሚያቃጥል ብቻ ይንገሯቸው። ጎን ለጎን እየነኩ መብላት ከልጅነታቸው የለመዱት ነው፤ አንዳንዱ እንግዳ ሚጥሚጣውን ጨርሶ ሊጠይቅዎ ይችላል።

የበግ ጥብስ ለምታቀርቡበት ቀን የናናውን ስጎ ይሞክሩት። ግንዱ የወጣለት አንድ ጥሩ እፍኝ የናና ቅጠል ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነስንሰው በተሳለ ቢላ ይክተፉ። ስኳሩ ከቅጠሉ የሚወጣውን ጭማቂ ይይዘዋል፤ ዱልዱም ቢላ ግን ቅጠሉን ይጨፈልቀውና ያጠቁረዋል። 2 የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ አፍስሰው ሲቀዘቅዝ 3 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና ቁንጥር ጨው ይጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ኮምጣጤው ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ ግማሹን በውሃ ይተኩት። ለነገ አይቀመጥም፤ አድሮ ጣዕሙ ይሞታል።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ለቅመም ብለው ባሕር ተሻግረው አገር ሲገዙ ኖረው ራሳቸው ግን አይበሉትም ይባላል። እውነት ከጥንትም እንዲህ ነበሩ? (ተማሪ፣ ሐረር ጀጎል)

መልስ፦ አልነበሩም። በ1390 አካባቢ የንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ምግብ አብሳዮች ያስጻፉት የአዘገጃጀት ጥቅልል እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ጥቅልል ሥጋውም ዓሣውም በዝንጅብል፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በገውዝና ሳፍሮን በሚባለው ከአበባ በሚገኝ ቢጫ ቅመም ይሠራል። የጥምዝ ዘመድ የሆነው ረዥሙ ቁንዶ በርበሬ አለበት። ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ “የገነት ፍሬ” የሚሉት ቅመምም አለበት፤ ይህ ተክል ከኮረሪማ ጋር አንድ ወገን ነው። የዚያን ዘመን የለንደን አብሳይ ጊዲር መጋላ ገበያ ቢመጣ ከቅመም ነጋዴው ፊት ያለውን አብዛኛውን ነገር በማሽተት ይለየው ነበር። የማያውቀው በርበሬንና ሚጥሚጣን ነው። እነዚህ የአሜሪካ ተክሎች ስለሆኑ ከ1492 በፊት እኛም አናውቃቸውም ነበር።

ንግዱም የቆየ ነው። የለንደን የቁንዶ በርበሬ ነጋዴዎች ማኅበር በ1180 በመንግሥት መዝገብ ላይ ተጠቅሷል፤ የእሱ ወራሽ የሆነው ማኅበር በ1428 ከንጉሥ ቻርተር አግኝቶ ዛሬም አለ። በኤሴክስ አውራጃ ያለችው ሳፍሮን ዋልደን ከተማም ስሟን ያገኘችው በዙሪያዋ ይለማ ከነበረው ሳፍሮን ነው።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? መጀመሪያ ዋጋው ወረደ። ፖርቱጋሎች በ1498 ሕንድ በመርከብ ደረሱ፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1600 ተቋቋመ። ቁንዶ በርበሬ በመርከብ ሙሉ ሲመጣ የእጅ ባለሙያውም የሚገዛው ሆነ። ተራው ሰው የሚገዛው ነገር ደግሞ የመኳንንት ምልክት መሆኑ ይቀራል። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት አብሳዮች ሌላ መንገድ ያዙ፦ ቅቤ፣ የአጥንት መረቅ፣ እንደ ጦስኝ ያሉ ቅጠሎች፣ የሥጋው የራሱ ጣዕም። ጣፋጩን ከሥጋው ለይተው ወደ ማዕዱ መጨረሻ አዛወሩት። የእንግሊዝ ባለጸጎችም ተከተሏቸው። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ገውዙ ከጣፋጩ ጋር አብረው ሄዱ፤ ዛሬም ያሉት እዚያው በኬክ፣ በፑዲንግ፣ በብስኩትና በኮምጣጤ በሚቀመጥ አትክልት ውስጥ ነው። የእንግሊዝን ቅመም ከዋናው ወጥ ውስጥ የሚፈልግ ሰው የማያገኘው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የምግብ ራሽን ጥር 8 ቀን 1940 በቅቤ፣ በስኳርና በአሳማ ሥጋ ተጀምሮ ሐምሌ 4 ቀን 1954 በሥጋ አበቃ፤ ጦርነቱ ካለቀ እንኳ 9 ዓመት ቆይቷል ማለት ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚገባን ደግሞ የሽንኩርቱ ነገር ነው። ብዙው ሽንኩርት ይመጣ የነበረው ከፈረንሳይ ብሪታኒ ክፍለ ሀገርና ከቻነል ደሴቶች ነበር። ጀርመን በ1940 ሁለቱንም ስትይዝ ሽንኩርት ከገበያ ጠፋ ማለት ይቻላል። ያለ ሽንኩርት፣ በግራም በተመዘነ ቅቤ ወጥ መሥራት የተማረ ትውልድ ልጆቹንም ያንኑ ነው ያስተማረው። ዓለም የሚያወራው የእንግሊዝ ምግብ በአብዛኛው የዚያ ዘመን ምግብ ነው።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ግን አንልም። በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ወጥ ቤቶች ለረዥም ጊዜ ጎመን ግማሽ ሰዓት ሲቀቀል ኖሯል። ጥቅል ጎመንና የጎመን ዘሮች በቆዩ ቁጥር የድኝ ሽታ ይለቃሉ፣ ቀለማቸው ይደፈርሳል፣ ጣዕማቸውም ከውሃው ጋር ይደፋል። ይህ ጥፋት የሰዓት ነው፤ ቅመም ቢጨመርበትም አይድንም። ተከትፎ 4 ወይም 5 ደቂቃ ብቻ ቢቀቀል ያው ጎመን ጣፋጭ ነው። የቅመም መዓዛ ደግሞ በብዛት የሚሟሟው በቅባት ውስጥ ነው። የእኛ ቅመም በዘይትና በቅቤ ስለሚቁላላ ይወጣል፤ በባዶ ውሃ ለሚቀቀል ምግብ ያንኑ ያህል ቅመም ቢያስገቡበት ግማሹ በእንፋሎት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከለገሃሬ አንድ ሱቅ የእንግሊዝ የሰናፍጭ ዱቄት ገዛሁ። በፈላ ውሃ በጠበጥኩት፤ መረረኝ እንጂ አልሰነፈጠኝም። ዱቄቱ የቆየ ይሆን? የእኛስ ሰናፍጭ ለምን ይለያል? (ባለሱቅ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዱቄቱን ያበላሸው የፈላው ውሃ ነው። የሰናፍጭ ፍሬ ሳይፈጭ አይሰነፍጥም፤ ደረቅ ዱቄቱም ምላስ ላይ ካልራሰ ብዙ አይሸትም። የሚሰነፍጠው ዘይት የሚፈጠረው ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም የሚባል ንጥረ ነገር ይህን ሥራ ሲሠራ ነው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። አንዴ ከሞተ በኋላ ምንም ቢጨምሩበት አይመለስም።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይለውሱና ከድነው 10 ደቂቃ ይተዉት። በቀን ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ለብ ያለ ውሃም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የፈላው ነው። ጨውና ኮምጣጤ የሚገባው ከ10 ደቂቃው በኋላ ነው። አሲድ ኢንዛይሙን ስለሚያዘገየው ኮምጣጤውን ቀድመው ካስገቡ ሰናፍጩ ለዘብ ይላል፤ ኃይሉ ከወጣ በኋላ ከገባ ግን ያንኑ ኃይል ያቆይልዎታል። ምንም ሳይገባበት ክፍት ከተተወ ከሰዓታት በኋላ ይደክማል። በጠርሙስ ከድነው ፍሪጅ ያስቀምጡት።

ከእኛ ሰናፍጭ ጋር መሠረታዊ ልዩነት የለውም። የእንግሊዙ ዱቄት ቡናማና ነጭ ፍሬ ተቀላቅሎ የተፈጨ ሲሆን ቅርፊቱ ተነፍቶ ይወጣል፤ በጠርሙስ ተለውሶ የሚሸጠው ቢጫነቱ ብዙ ጊዜ ከእርድ ነው። ጀርማያ ኮልማን የተባለ ባለ ወፍጮ በ1814 ኖሪች ከተማ አጠገብ የጀመረው ፋብሪካ ነው ዓለም ላይ ያሰራጨው። የእኛው ፍሬ ጠቆር ያለ ነው፤ ተወቅጦ ከነቅርፊቱ ስለሚለወስ መጀመሪያ ላይ ይመራል፣ ሲያድር ይለዝባል። ሐረር ላይ አብሽ ሁልበት ለሚባለው ማባያ ሲነከር መራራው ውሃ ይደፋል፤ ይህን የለመደ ሰው የሰናፍጭንም ውሃ ሊደፋ ይችላል። እባክዎ እንዳይደፉት፤ የሚሰነፍጠው ያ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የበርበሬ ቃጠሎ ቢፈላም አይተንም፤ የሰናፍጭ ግን በእሳት ቶሎ ይተናል። እንግሊዞች ሰናፍጩን ከድስቱ አስቀርተው ጠረጴዛ ላይ የሚያኖሩበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ስጎ ውስጥ ሊያስገቡት ከፈለጉም ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ለትንሣኤያቸው የሚጋግሩትን፣ መስቀል ያለበትን ትንሽ ዳቦ መሥራት እፈልጋለሁ። የተደባለቀ ቅመም ይላል፤ ጊዲር መጋላ ጠይቄ አጣሁት። በመከለሻ ልተካው? (ዳቦ ጋጋሪ፣ ሐረር)

መልስ፦ በመከለሻ አይተኩት። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጥምዙ በስኳርና በዘቢብ ላይ እንደ መድኃኒት ይሸታሉ። የሚያስፈልግዎት ቅመም ሁሉ ግን ከአንድ ሱቅ ይገኛል፦ ቀረፋ 3 የሻይ ማንኪያ፣ ድንብላል 2፣ ደረቅ ዝንጅብል 2፣ ገውዝ 1፣ ቅርንፉድ ግማሽ። ከጃማይካ የሚመጣው ኦልስፓይስ የሚባል ፍሬ እዚህ ስለማይገኝ በቦታው አንድ ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ ይግባ፤ የቀረውን ሽታ ቅርንፉዱ ይሸፍነዋል። ገውዝ በብዛት ጤና ይጎዳልና ከተባለው በላይ አይጨምሩ። አንዱንም አይቁሉት። የእኛ ቅመም ታምሶ ነው የሚፈጨው፤ ይህኛው ግን ጥሬውን ተፈጭቶ ሊጡ ውስጥ ይበስላል፤ ቢታመስ ዳቦው ወደ ቡና ሽታ ይሄዳል።

ትልቁ አደጋ ወፍጮ ቤቱ ነው። በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ቀረፋ ካስፈጩ ዳቦው ያቃጥላል። በቤት ሙቀጫ ይውቀጡና በወንፊት ይንፉት፤ በቡና መፍጫ ከሆነ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፈጭተው ይድፉበት።

ለ12 ዳቦ፦ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 75 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከተደባለቀው ቅመም 2 የሻይ ማንኪያ፣ 50 ግራም ቅቤ (ያልተነጠረና ያልሸተተ)፣ 1 እንቁላል፣ 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 150 ግራም ዘቢብ። 10 ደቂቃ በደንብ ያሹት፤ ዘቢቡ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ቀድሞ ከገባ ይፈርስና ሊጡን ያጠቁራል። እጥፍ እስኪሆን ይተዉት፣ 12 ቦታ ከፍለው ያድቦልቡሉ፣ በመጋገሪያው ትሪ ላይ እንደገና ይነሣ። 75 ግራም ዱቄት በ5 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ለውሰው በፕላስቲክ ከረጢት ጥግ መስቀሉን ይሣሉበት። በ200 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጋገራል።

ሊጡ እንደ ተራው ዳቦ ቶሎ ባይነሣ አይደንግጡ፤ ቀረፋ እርሾን ያዘገያል። ቅመሙን እጥፍ ያደረገ ሰው ድንጋይ የመሰለ ዳቦ የሚያወጣው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አንዴ መነሣት የጀመረ ሊጥ ቶሎ ያብጣል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ትተው ሊጡን በዓይን ይከታተሉ። ወተትና እንቁላል ስላለበት የጾም አይደለም፤ እነሱ በስቅለት ዕለት ይበሉታል፣ በእኛ ቤት ለፋሲካ ማግስት ይሆናል።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ካሪ የራሳችን ነው ይላሉ። የሕንድ አይደለም እንዴ? (አንባቢ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የሕንድ ነው፤ የእነሱ ታሪክም ግን ረዥም ነው። ሐና ግላስ የተባለች ጸሐፊ በ1747 ባሳተመችው የወጥ መጽሐፍ ውስጥ “በሕንድ መንገድ የሚሠራ ካሪ” አለ። በ1810 ሼክ ዲን ማሆመድ የተባለ የቢሃር ተወላጅ ለንደን ላይ የሕንድ ምግብ ቤት ከፈተ። በቆርቆሮ የሚሸጠው የካሪ ዱቄት፣ ማለትም እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙንና አብሽ በአንድ ላይ ተፈጭቶ የሚቀመጠው፣ በአብዛኛው ለእንግሊዝ ገበያ የተበጀ ነው። የሕንድ ቤት ለየወጡ የተለየ ቅመም ያወጣል። ከጦርነቱ በኋላ ካሪን በየከተማው ያዳረሱት በብዛት ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ከሲልሄት የመጡ ሰዎች ናቸው። በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ዶሮ ቲካ ማሳላን (የተጠበሰ ዶሮ በቅመም ስጎ) እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለውታል። ይህን የሚበላ ሕዝብ ቅመም አይችልም ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝ አገር ትማራለች። ምግቡ አልጣመኝም ትለኛለች። የተነጠረ ቅቤ ልልክላት ነው። (እናት፣ ሐረር)

መልስ፦ እናታችን፣ ቅቤውን አይላኩ። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ የወተትና የሥጋ ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ብሪታንያ አይገባም፤ ኬላ ላይ ይወሰዳል፤ ቋንጣም እንዲሁ። እዚያው ታንጥር። እርድ፣ አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሄልና ቅርንፉድ በየከተማው ከሕንዶችና ከፓኪስታኖች ሱቅ ታገኛለች። በቀላሉ የማታገኘው ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ነው።

ጨው የሌለበት ቅቤ 1 ኪሎ ትግዛ። በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ይቅለጥ፣ አረፋው ይገፈፍ። ከዚያ ትንሽ የተከተፈ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በሶብላ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ እርድ፣ አብሽና ነጭ አዝሙድ እያንዳንዳቸው 1 የሻይ ማንኪያ ይግቡ። 45 ደቂቃ ያህል ድምፁ እስኪረጋ ይቆይና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። የእንግሊዝ ቅቤ ከመቶው 80 ገደማ ቅባት ስለሆነ 800 ግራም ያህል ይወጣላታል። የታችኛው አተላ ቡናማ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ ያን ጊዜ ሳይጨልም ታውርደው።

እንዲህም ሆኖ የቤቷን ሽታ ካላገኘች ቅመም አትጨምርበት። የእኛ ቅቤ ከረጋ እርጎ ስለሚናጥ የሚኮመጥጥ መዓዛ አለው፤ የእንግሊዙ በብዛት ካልረጋ ክሬም ነው የሚወጣው። እርሾ ተጨምሮበት ከረጋ ክሬም የተናጠ ቅቤም በትልልቅ ሱቆች አለ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ግማሹን ከእሱ ብታደርግ ልዩነቱን ታየዋለች። ኮሰረቱን ሳይፈጭ በቅጠሉ፣ ኮረሪማውን ከነቆዳው አድርገው ይላኩላት።